«ሰው ከሌለኝ የመንግሥት ሥራ አገኛለሁ ወይ?» ላልከው ወንድማችን

ጥያቄውን ያላየ ሰው ስለሚኖር በአጭሩ ልድገመው። ወንድማችን በ2016 በማኔጅመንት ተመርቋል። የመውጫ ፈተናውን አልፏል። ደሴ ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል። «የመንግሥት መሥሪያ ቤት መግባት እፈልጋለሁ፣ ግን ሰው ከሌለህ አትልፋ ይሉኛል። ማስተርስ ልጀምር ወይስ ልወዳደር? ምንስ ላንብብ?» ነው ያለው።

እኔ በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ወረዳ፣ ከዚያ ዞን፣ አሁን አዲስ አበባ። ቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊም አባልም ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ከቀጣሪው ወገን ሆኜ ያየሁትን ልንገርህ።

ከ«ሰው» ልጀምር፣ ያስጨነቀህ እሱ ስለሆነ። አዎ፣ አለ። የለም ብልህ ማንም አያምነኝም። ግን የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚገባ ለይተህ እወቅ። የጽሑፍ ፈተና ወረቀት ላይ ስም ሳይሆን ኮድ የሚጻፍ ከሆነ ዘመድ ብዙ ቦታ የለውም። ቃለ መጠይቅ ላይ ነው እጁን የሚያስገባው። እዚያ ነጥብ የሚሰጠው በሰው ግምት ነው። ስለዚህ መከላከያህ አንድ ነው፤ በጽሑፍ ፈተናው በቃለ መጠይቅ ሊገለበጥ የማይችል ልዩነት ይዘህ መግባት። ሁለት ነጥብ መብለጥ ማንንም አያስቸግርም። አሥራ አምስት ነጥብ የበለጠን ልጅ መጣል ግን ፊርማ ያስፈራል። ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይፈርማላ! ኦዲተር መጥቶ ያንን ፋይል ሊከፍተው ይችላል።

ደግሞ አንድ የማይወራ ነገር አለ። እኔ ባየሁት፣ አብዛኛው ተወዳዳሪ የሚወድቀው በዘመድ አይደለም። ፈተና ላይ እንኳን ሳይደርስ በወረቀት ነው የሚወድቀው።

ማስታወቂያውን እንደ ውል አንብበው። «አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» ካለ፣ አግባብነቱን የሚወስነው አንተ ሳትሆን የመደቡ ተፈላጊ ችሎታ ነው። ትምህርቱ በስም ተዘርዝሮ ማኔጅመንት ከሌለበት ደግሞ «ተመሳሳይ ነው» ብለህ መዝጋቢ ላይ አትጩህ። መዝጋቢው ሥልጣን የለውም። ልምድ ከግል ድርጅት ካለህ፣ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ በደብዳቤው ላይ ወይም በተጨማሪ ማስረጃ መረጋገጥ አለበት። ይሄ ስንቱን አስለቅሷል! ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ አሠሪው ግብር ሳይቆርጥለት ኖሮ፣ ልምዱ ዜሮ ሆኖ የቀረ ልጅ ብዙ ነው። አሁን የግል ሥራ ላይ ካለህ ዛሬውኑ ጠይቃቸው።

የምዝገባ ቀንም እንዲሁ። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለተከታታይ 10 የሥራ ቀናት» ሲል፣ አንተ ቴሌግራም ላይ ካየህበት ቀን ማለት አይደለም። ጋዜጣው ወይም ሰሌዳው ላይ ከወጣበት ነው። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ ግማሹ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። አዲስ ዘመንን ቤተ መጻሕፍት ሄደህ አገላብጥ። በሳምንት አንድ ቀን የዞኑንና የከተማውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ዙር። ደሴ ሁለቱም አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው፣ በእግር ይዳረሳል።

ማስረጃህን አሁኑኑ በአንድ ፋይል አደራጅ። «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» ይዘህ ቅረብ ይሉሃል። ዲግሪው (ኦርጅናሉ በወጪ መጋራት ምክንያት ካልተሰጠህ ቴምፖው)፣ ትራንስክሪፕቱ፣ የመውጫ ፈተና ውጤቱ፣ የ12ኛ ክፍል ካርዱ፣ የፋይዳ መታወቂያህ። ከዚያ ስምህን ፊደል በፊደል አስተያየው። አንዱ ላይ «ገብረ ማርያም»፣ ሌላው ላይ «ገ/ማርያም»፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ምዝገባ ላይ ባያስቸግር ቅጥር ላይ ያስቸግራል፣ እዚያ ቢያልፍ ጡረታ ላይ ይመጣል። ማስተካከያው ጊዜ ስለሚፈጅ ሥራ ሳይገኝ በፊት መጨረስ ነው። ሐሰተኛ ማስረጃ የማጣራቱ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ የሁሉም ሰው ወረቀት በጥርጣሬ ነው የሚታየው። የንጹሑም ጭምር።

አሁን ወደ ፈተናው።

ለማኔጅመንት ምሩቅ የሚወጣ መነሻ መደብ ሲፈተን፣ የኮሌጁ ጥያቄ ከግማሽ አይበልጥም። ሌላው ሕግና አሠራር ነው። ሕገ መንግሥቱን 106ቱንም አንቀጾች አንብብ፣ አጭር ነው። አንቀጽ 12ን በተለይ፣ ስለ መንግሥት አሠራርና ተጠያቂነት የሚለውን። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጁን አንብብ። ግን ልብ በል፣ በየቦታው የሚዘዋወረው አጋዥ ወረቀት 1064/2010ን ይዞ ነው። በ2017 አዲስ የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ጸድቋል። አሮጌውን ሸምድዶ የሚመጣ ሰው ሁለት ቃል ሳይጽፍ ይታወቃል። ክልሎች ደግሞ የራሳቸው አዋጅ አላቸው። የምትወዳደረው ዞን ወይም ወረዳ ላይ ከሆነ የአማራ ክልሉን ነው የምታነበው። የግዥ ወይም የፋይናንስ መደብ ከሆነ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጁና የግዥ መመሪያው ይጨመራሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ደብዳቤ መጻፍ ተማር። ቀልዴን አይደለም። በአማርኛ አንድ ገጽ የሚሞላ፣ ጉዳዩ የታወቀ፣ የሚጠየቀው ነገር የተለየ፣ ግልባጩ ለማን እንደሚሄድ የገባው ደብዳቤ የሚጽፍ አዲስ ምሩቅ ማግኘት ከባድ ሆኗል። አራት ዓመት በእንግሊዝኛ ተምሮ ይመጣና «በቁጥር እንዲህ በቀን እንዲህ በተጻፈ ደብዳቤ» ላይ ይቆማል። ዕጩው ቃለ ጉባኤ እንዲጽፍ የተግባር ፈተና የሰጠንባቸው ጊዜያት አሉ። ስብሰባውን በሙሉ እንደ ተረት የጻፉት ብዙ ነበሩ። አጀንዳ፣ ውይይት፣ ውሳኔ ብለው የለዩት በጣት ይቆጠራሉ። እነዚያ ናቸው የገቡት። ፓወር ግእዝ ላይ ሳታይ መጻፍና ኤክሴል ላይ ቀለል ያለ ሠንጠረዥ መሥራትም እንደዚያው ነው። ቤት ተቀምጠህ የምትለማመደው ነገር ነው፣ ብር አይጠይቅም።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ሕዝብና መንግሥትን በቅንነት ለማገልገል» አትበል። ሁሉም ይላታል፣ ማንም አይሰማትም። እኔ የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው፦ «አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ቀበሌ መጥተዋል፣ ማስረጃቸው አልተሟላም። አለቃህ ደውሎ ‹ጨርስላቸው› አለህ። ምን ታደርጋለህ?» አንዱ «መመሪያ አይፈቅድም ብዬ እመልሳለሁ» ይላል። ሌላው «አለቃዬን እታዘዛለሁ» ይላል። ሁለቱም አያስደስቱኝም። የጎደለው ምን እንደሆነ በወረቀት ጽፌ ለሽማግሌው እሰጣለሁ፣ እዚሁ ሊሟላ የሚችለውን አብሬ አሟላለሁ፣ አለቃዬ ይለፍ ካለ ትእዛዙን በጽሑፍ አስደርጌ ፋይሉ ላይ አያይዛለሁ ያለ ልጅ አንድ ጊዜ ሰማሁ። አጠገቤ የነበረው የኮሚቴ አባል ብዕሩን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየው።

የት ልወዳደር ለሚለው፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ላይ አትሰቀል። ለአንድ የፌዴራል መነሻ መደብ የሚሰለፈውን ሰው ብታይ ትደነግጣለህ። ተሁለደሬ፣ ኩታበር፣ ቃሉ፣ ወረባቦ ያሉ ወረዳዎች ሰው ገብቶ በዝውውር ቶሎ የሚለቅባቸው መደቦች አሏቸው። በወረዳ ሁለት ሦስት ዓመት የሠራ ልጅ ደግሞ ሥራውን ከሥሩ ያውቀዋል። ከተማ ሲመጣ አንድ ደብዳቤ ከላይ ሲወርድ ታች ምን እንደሚያደርግ ይገባዋል። ዕድገቴን በጣም የረዳኝ ወረዳ መጀመሬ ነው ብዬ ነው የማምነው። ጸጥታውን ግን የአካባቢውን ሰው ጠይቀህ ወስን፣ በዚህ ላይ ማንም ከሩቅ ሊመክርህ አይችልም።

ከመደብ ደግሞ ሁሉም የማኔጅመንት ልጅ «የሰው ሀብት ባለሙያ» ላይ ነው የሚረባረበው። ንብረት አስተዳደርና ግዥ ላይ ሰልፉ አጭር ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ንብረት ክፍል ተያዥ ዋስ ያስጠይቃል፣ ኃላፊነቱ ያስፈራል፣ ስሙም ጥሩ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለበት አገር ስለሆነ ግዥ ላይ የተቀመጠን ሰው ሁሉ ያሙታል። ግን ንጹሕ ሆኖ ሕጉን የሚያውቅ የግዥ ባለሙያ የትም ይፈለጋል። አስብበት።

አንድ ነገር እንዳይምታታብህ። ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ አየር መንገድ የመንግሥት ናቸው እንጂ ሲቪል ሰርቪስ አይደሉም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው የሚተዳደሩት። የቅጥር ሒደታቸውም ደመወዛቸውም ሌላ ነው። እዚያም ተወዳደር፣ ግን ዝግጅቱ ለየብቻ ነው።

ማስተርስ? አሁን አትጀምር። ማስታወቂያው «የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 0 ዓመት» ካለ ሁለተኛ ዲግሪህ ነጥብ አይጨምርልህም። ገብተህ፣ መደብህን አውቀህ፣ ለመደብህ የሚያግዘውን ብትማር ግን ለደረጃ ዕድገት ይጠቅምሃል።

ደመወዙን ሳትሰማ አትግባ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በፌዴራል የአዲስ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከዚያ ላይ ግብር፣ 7 በመቶ ጡረታና የወጪ መጋራት ዕዳህ ይቆረጣል። መንግሥት በበኩሉ 11 በመቶ ጡረታ ያዋጣልሃል፣ ግን እሱ ዛሬ ቤት ኪራይ አይከፍልም። አዲስ አበባ ተከራይቶ በዚህ መኖር ከባድ ነው። ደሴ ከቤተሰብ ጋር ሆነህ ግን ይቻላል። ይሄም አንዱ ምክንያቴ ነው እዚያው ጀምር የምልህ።

ስለ ቅሬታ አንድ ነገር ጨምሬ ልተው። ውጤት ሲለጠፍ ፎቶ አንሳው። የማይገባህ ነገር ካለ በጊዜው፣ በጽሑፍ፣ በመዝገብ ቤት አስገባ። ቁጥርና ማኅተም የተመታበት ኮፒ በእጅህ ይቅር። በቃል የተነገረ ቅሬታ የለም ማለት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት አንዲት ልጅ የጽሑፍ ውጤቷ በስሕተት ተደምሮ አራተኛ ተደርጋ ነበር። አልጮኸችም። ግማሽ ገጽ ጻፈች፣ እንደገና ይደመርልኝ አለች። ተደመረ። ሁለተኛ ሆነች፣ የሚፈለገውም ሁለት ሰው ነበር። ባታልፍም እንኳ «ተጠባባቂ» ተብለህ እንደሆነ ጠይቅ። ያለፈው ሰው ሳይመጣ ሲቀር ከተጠባባቂ ነው የሚጠራው፤ ስልክህ ደግሞ ክፍት ይሁን።

«በዚህን ያህል ብር አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ስልኩን ዝጋው። የሥራ ምዝገባ ክፍያ የለውም።

የወጣ ማስታወቂያ ካለህ እዚህ ለጥፈው፣ ተፈላጊ ችሎታውን መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን።