ቪዲዮው ላይ የሚሮጡት ጥቁር መስመሮች፦ ካሜራው ነው ወይስ መብራቱ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው። በትርፍ ሰዓቴ ፎቶና አጫጭር ቪዲዮ እየሠራሁ፣ ኮዱን ራሴ በጻፍኩት ድረ ገጽ ላይ አወጣለሁ። እህቴ ከዋሽንግተን በላከችልኝ ሚረርለስ ካሜራ አባቴን ሳሎን ውስጥ ቃለ መጠይቅ አደረግኩላቸው። ከኋላቸው ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ ግን ፈዘዝ ያሉ፣ ቡናማ ነገር ያላቸው ሰፋፊ መስመሮች ይሮጣሉ። በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ሻተር ስፒድ (ካሜራው ለአንድ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ነበር፤ ጣሪያው ላይ ሁለት ረጃጅም ፍሎረሰንት በርተዋል። ውጭ ስቀርጽ መስመሩ የለም። ሌንስም ካርድም ቀየርኩ፤ ያው ነው። ያሳየሁት ሰው «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» አለኝ። የቀረጽኩትንስ ማዳን ይቻላል?

መልስ፦ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው የካሜራው ክፍል) ደህና ነው፤ ለጥገና አይስጡት። የተበላሸ ሴንሰር ፀሐይና ፍሎረሰንት አይለይም፣ ውጭም ያው መስመር ይታይ ነበር። ካሜራው ለአሜሪካ መብራት እንደተስተካከለ ስለመጣ ነው።

የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ዙር) ነው፣ የእኛ 50። ፍሎረሰንት፣ በተለይ የድሮው ባላስት (ለቱቦው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ዕቃ) ያለው፣ በአንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ስለዚህ እኛ ቤት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል ማለት ነው፤ ዓይን አይይዘውም፣ ካሜራ ይይዘዋል። አንዱ ብልጭታ 1/100 ሰከንድ ይፈጃል። 1/60 ደግሞ አንድ ብልጭታና የሌላውን ሁለት ሦስተኛ ነው የሚወስደው። ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች ረድፍ በረድፍ ስለሚያነብ አንዱ ረድፍ ሁለት ድምቀት ሲያገኝ ሌላው አንድ ብቻ ይደርሰዋል፤ ጥቁሩ መስመር ይኸው ነው። ቡናማው ቀለም የሚመጣው የቱቦው ዱቄት ሲፈዝ ቀለሙም ስለሚቀየር ነው። የሚሮጠው ደግሞ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀረጽ እያንዳንዱ ፍሬም ከቀደመው የብልጭታውን አንድ ሦስተኛ ዘግይቶ ስለሚጀምር ነው።

መፍትሔው ከሜኑው ይጀምራል። የቪዲዮ ሲስተም የሚለውን ከኤንቲኤስሲ (ለ60 ሄርዝ አገር) ወደ ፓል (ለ50 ሄርዝ አገር) ይቀይሩ። ሶኒ ከሆነ ካርዱን እንደገና ፎርማት አድርግ ሊልዎ ይችላል፤ ያለዎትን አስቀድመው ኮምፒውተር ላይ ይገልብጡ። ከዚያ ፍሬሙን 25፣ ሻተሩን 1/50 አድርገው በማኑዋል ይቆልፉት፤ 1/50 ልክ ሁለት ብልጭታ ስለሚይዝ ሁሉም ረድፍ እኩል ብርሃን ያገኛል። አውቶ ላይ ከተዉት ክፍሉ ትንሽ ሲደምቅ ካሜራው ራሱ ያፈጥነዋል፣ መስመሩም ይመለሳል። ብርሃኑ ከበዛ አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ንቃት) ይቀንሱ ወይም የሌንሱን ቀዳዳ ያጥብቡ፤ መስኮት ዳር ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ይግጠሙ እንጂ ሻተሩን አይንኩ። ግድ ከሆነ 1/100ም ይሠራል፣ ግን ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴውም ትንሽ ይደርቃል።

30 ፍሬም ላይ ሆነው 1/50 ቢያደርጉም መስመሩ ይጠፋል። እኔ ግን 25ን እመርጣለሁ። በ25 አንዱ ፍሬም ልክ አራት ብልጭታ ስለሚይዝ፣ ሻተሩን ቢሳሳቱ እንኳ መስመሩ ባለበት ይቆማል፤ የቆመ መስመር ከሚሮጠው ይሻላል። ስሎሞሽን ከፈለጉ 120 ሳይሆን 100 ፍሬም በ1/100 ይቅረጹ። በ120 የሻተሩ ጊዜ ከአንድ ብልጭታ ስለሚያጥር ማምለጫ የለውም። በጄኔሬተር ሲሠሩ ደግሞ ሄርዙ ከፍ ዝቅ ስለሚል በ1/50ም ትንሽ መንቀጥቀጥ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ በባትሪ የሚሠራ የቪዲዮ መብራት ይጠቀሙ።

ፍሎረሰንቱን አውጥቼ ኤልኢዲ ልግጠም ቢሉ፣ አምፖሉን ሳይፈትኑ አይግዙ። ርካሹ ኤልኢዲ ውስጡ ያለው ሰርኪዩት ደካማ ስለሆነ ከፍሎረሰንት የባሰ ሊያስቸግር ይችላል። ማደብዘዣ ያለው ደግሞ በራሱ ፍጥነት እየበራ የሚጠፋ ሊሆን ስለሚችል 1/50 ላይፈውሰው ይችላል። ሱቁ ውስጥ እንዲያበሩልዎ ይጠይቁ፤ የስልክዎን ካሜራ ፕሮ ሞድ ላይ አድርገው ሻተሩን ወደ 1/1000 ያውጡና አምፖሉ ያበራበትን ነጭ ግድግዳ ይመልከቱ። ጥርት ያሉ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ከታዩ ይተዉት፤ ግድግዳው እንዳለ ወጥ ከሆነ ይግዙት።

ወደ አባትዎ ቪዲዮ እንመለስ፤ ይድናል። መስመሩ በየሦስት ፍሬሙ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ሦስት ተከታታይ ፍሬሞችን ብናደባልቅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ላይ ፕሮጀክቱን ከቪዲዮው ጋር አንድ ያድርጉት፤ ካሜራው 30 ቢልም ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ 29.97 ነው። ፕሮጀክቱ 25 ከሆነ ፕሮግራሙ ፍሬም ስለሚጥል ዘዴው አይሠራም። ያንኑ ቪዲዮ ሦስት ጊዜ ይደራርቡ። የታችኛውን 100 በመቶ ይተዉት፤ የመካከለኛውን አንድ ፍሬም ገፍተው ኦፓሲቲውን (ከሥሩ ያለውን የሚሸፍንበትን መጠን) 50፣ የላይኛውን ሁለት ፍሬም ገፍተው 33 ያድርጉ። ሦስቱም እኩል ድርሻ የሚኖራቸው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ሁሉንም 33 ካደረጓቸው ድብልቁ ይዛባል። የላይኞቹን ሁለት ድምፅ ያጥፉ፣ አለዚያ የአባትዎ ድምፅ ያስተጋባል። መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሁለት ፍሬሞችም ይቁረጡ።

የዚህ ዘዴ ጉዳቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ጥላ ይኖረዋል፤ አባትዎ እጃቸውን ሲያወናጭፉ ጣቶቻቸው ይደበዝዛሉ። ስለዚህ በላይኞቹ ሁለት ንብርብሮች ላይ ጠርዙ ለስለስ ያለ ማስክ (የምስሉን ከፊል የሚከልል ቅርጽ) ሠርተው እርሳቸው ያሉበትን ቦታ ያስወጡ። ድብልቁ ግድግዳው ላይ ብቻ ይቀራል፣ ፊታቸውና እጃቸው ግን እንደተቀረጸ ይታያል። ፊት ላይ መስመሩ ብዙም አይለይም፤ የሚያጋልጠው ነጩ ግድግዳ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ ካለዎት ዲፍሊከር የሚለው መሣሪያ ለፍሎረሰንት የተዘጋጀ ምርጫ ስላለው በእርሱ ይጀምሩ፤ በነፃው ሪዞልቭ ከሞከሩት ምስሉ ላይ ጽሑፍ ያትምበታል።