የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «የአምስት ዓመት ደንብ» ለሁሉም የትምህርት ክፍል ይሠራልን?

ጥያቄ፦ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመረጃ አፈላለግ ሥልጠና እሰጣለሁ። የሥልጠናው መመሪያ ለሁሉም አንድ ነው፤ የምትጠቅሱት ጽሑፍ በሙያ አቻዎች የተገመገመና ካለፉት አምስት ዓመታት ወዲህ የታተመ ይሁን ይላል። የሕግ፣ የሒሳብና የፊዚክስ ተማሪዎች ግን በዚህ ደንብ መሥራት አልቻልንም ይሉኛል። ደንቡን ልተወው ወይስ ተማሪዎቹን ላሳምናቸው? (የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ተማሪዎችዎ እውነት አላቸው። ደንቡ እንደ ሕክምና ባሉ፣ የትናንቱ አሠራር ዛሬ በአዲስ ጥናት በሚተካባቸው ዘርፎች ይጠቅማል። ያነሷቸው ሦስቱ ክፍሎች ግን አንድን ነገር እውነት ነው ብለው የሚቀበሉበት መንገድ የየራሳቸው ስለሆነ፣ በአንድ መስፈሪያ ሊለኩ አይችሉም።

ከሕግ እንጀምር። ለሕግ ተመራማሪ ቀዳሚው ምንጭ የምሁራን መጽሔት ሳይሆን ሕጉ ራሱና የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስለ ውል የሚደነግገው ክፍሉ ዛሬም በየችሎቱ ይጠቀሳል፤ በዚያው ሕግ ውስጥ የነበረው የቤተሰብ ክፍል ግን በፌዴራል ደረጃ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ተተክቷል። እንግዲህ በአንድ ሽፋን ውስጥ የጸናውና የተሻረው አብረው ስለሚገኙ፣ የኅትመት ዓመት ብቻውን ለተማሪው ምንም አይነግረውም። ሌላም ምሳሌ አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ያላነሱ ዳኞች በተሰየሙበት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ የደነገገው አዋጅ ቁጥር 454/1997 ነበር፤ ዛሬ ግን ጉዳዩ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ነው። ተማሪው ይህን ሲያፈላልግ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ያው አዋጅ 454/2005 ተብሎ ስለሚያገኘው፣ ሁለት የተለያዩ ሕጎች ይመስሉታል። በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር መፈለግን ማስተማር የእርስዎ ሥራ ነው፤ ከሥልጠናው ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም የሚሰጠውም ይህ ይመስለኛል። የተጠቀሰውን ውሳኔ ከነሙሉ ቃሉ አውጥቶ ማንበብም እንዲሁ ግዴታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ ውሳኔዎች ጠቅሰው አቤቱታ ባቀረቡ ጠበቆች ላይ የ5,000 ዶላር ቅጣት ጥሏል።

በሒሳብ ነገሩ አጭር ነው። በትክክል የተረጋገጠ ቲዎረም (የሒሳብ ድንጋጌ) አያረጅም፤ ስለዚህ የአምስት ዓመት ገደብ እዚህ ቦታ የለውም። የግምገማውም መስፈርት ቢሆን ይቸገራል። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ግሪጎሪ ፔሬልማን የፖይንካሬ ግምት የተባለውን ታዋቂ የሒሳብ ጥያቄ ያረጋገጠባቸውን ሦስት ጽሑፎች እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ያወጣቸው ከ1991 ጀምሮ በሚሠራው አርካይቭ በተባለው የኢንተርኔት መዝገብ እንጂ በመጽሔት አልነበረም። ሌሎች የሒሳብ ሊቃውንት መስመር በመስመር ለዓመታት መረመሩት፤ ጸንቶም ተገኘ። አርካይቭ ራሱ ግን ጽሑፎችን እንደ መጽሔት አያስገመግምምና፣ ተማሪዎ እዚያ ያገኘውን ከመጥቀሱ በፊት ጽሑፉ ስንት ጊዜ እንደታረመ ይመልከት፤ በኋላ የመጡ ሥራዎች እንዴት እንደተቀበሉትም ይጠይቅ።

የጥቃቅን ቅንጣቶችን ጠባይ የሚያጠናው የኳንተም ፊዚክስ ደግሞ ደንቡን ከሁለቱም ወገን ይፈትነዋል። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል የተፈጥሮን ምንነት በቤተ ሙከራ ለመፈተን የሚያስችለውን ቀመር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በኔዘርላንድስ የዴልፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015፣ 1.3 ኪሎ ሜትር ተራርቀው በተቀመጡ ሁለት የአልማዝ ቅንጣቶች ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችን ተጠቅመው፣ ይህን ቀመር በፈተኑት ቀደምት ሙከራዎች ላይ ይነሡ የነበሩትን ዋና ዋና ክፍተቶች በአንድነት ዘጉ፤ በዚህ መስክ ቀድመው የሠሩ ሦስት ሳይንቲስቶችም በ2022 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ይህን የሚያጠና ተማሪ የ1964ቱን ጽሑፍ አትጥቀስ ቢባል መነሻውን ያጣል። በሌላ በኩል ከዚያው ከዴልፍት የወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር በተባለው ስመ ጥር መጽሔት የታተመና ማዮራና ስለሚባሉት ቅንጣቶች የሚናገር ጥናት፣ ሌሎች የፊዚክስ ባለሙያዎች ጥሬ መረጃውን ጠይቀው ከመረመሩት በኋላ በ2021 ተሰርዟል። ጥናቱ የተገመገመም፣ በጊዜው አዲስም ነበር፤ ደንቡ በሙሉ ልብ ያሳልፈው ነበር።

ስለዚህ ደንቡን ለሚመጥኑት ክፍሎች ያቆዩት፤ ለእነዚህ ሦስቱ ግን ሥልጠናውን ለየብቻ ያዘጋጁ። አለቆችዎ አንድ ወጥ መመሪያ ይሻላል ካሉዎት፣ የአሜሪካ የኮሌጅና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣውን ወጥ መስፈርት በ2016 ሽሮ፣ የአንድ ምንጭ ተአማኒነት እንደ ዘርፉና እንደ አስፈላጊነቱ እንደሚለያይ የሚገልጽ ማዕቀፍ መቀበሉን ይንገሯቸው። ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብዙ ዝግጅት አያስፈልግዎትም። የሕግ ተማሪዎች አንድ አዋጅ ይዘው በነጋሪት ጋዜጣ የተሻሻለበትንና የተሻረበትን ሁሉ ይከታተሉ፤ የሒሳብ ተማሪዎች የአንድን ጽሑፍ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጂ ያስተያዩ፤ የፊዚክስ ተማሪዎች ደግሞ የተሰረዘውን ጥናት ገጽ ከፍተው የስረዛ ማስታወቂያው የት እንደተቀመጠና ምክንያቱ ምን እንደሆነ ያንብቡ። ከየክፍሉ አንድ መምህር አብሮዎት እንዲቀመጥ ይጠይቁ፤ በተለይ በሒሳቡ ላይ ይህ ሳይሆን ሥልጠናውን ባይጀምሩት እመርጣለሁ።