መኪና ውስጥ ስናድር ቢምቢን እንዴት እንከላከል?

ጥያቄ፦ ከልጆቼ ጋር ላንጋኖ ዳር መኪና ውስጥ ልናድር ነው። መስኮት ስንዘጋ ይታፈናል፣ ስንከፍት ቢምቢ ይገባል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መስኮቱንስ አይዝጉት፣ እባክዎ! አየር ያስፈልጋችኋል። ላንጋኖ ደግሞ የወባ አገር ነው፤ ስለዚህ ለመስኮቱ የቢምቢ መከለያ በደንብ ይሥሩለት። የአልጋ አጎበርዎን ግን አይቁረጡ፣ ለቤት ያስፈልጋል። የመስኮት ወንፊት ጨርቅ በሜትር ይግዙ። እኔ የምመርጠው እንደ ትራስ ልብስ የተሰፋውን ነው። የበሩን የላይኛውን ክፍል ለክተው፣ አፉ ላይ ላስቲክ አስገብተው ይስፉት። ከላይ አልብሰው በሩን ይዝጉ፤ ከዚያ መስታወቱን ያውርዱ። ጨርቁን ማግኔትም ይይዘዋል፣ ግን ብረት ላይ ብቻ፤ ጠርዙ ክፍተት ከተወ ደግሞ ዋጋ የለውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይግጠሙት። የወባ ትንኝ ሥራዋን የምትጀምረው ሲመሽ ነው።