እናቴ ስኳር አለባት፣ እስከ 6ኛ ወር ልጠብቅ ወይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ 11ኛ ሳምንቴ ላይ ነኝ። የመጀመሪያው ሲወለድ 4.3 ኪሎ ነበር፣ እናቴም ስኳር አለባት። ክትትል ስጀምር ሽንቴን አይተው ስኳር የለብሽም አሉኝ፣ የደሙን 6ኛ ወር ላይ እናየዋለን ተባልኩ። ግን ልቤ አላረፈም፣ አሁን ልመርመር ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ እህቴ እንኳን ደስ አለሽ፣ በሰላም ተገላገይ። አትጠብቂ። ከ4 ኪሎ በላይ ልጅ መውለድሽ ወይ የእናትሽ ስኳር አንዱ ብቻውን ቶሎ ለመመርመር ይበቃል፣ አንቺ ጋ ደግሞ ሁለቱም አለ። ሁለቱንም ንገሪያቸውና ካርድሽ ላይ ይጻፉት፣ ሰልፍ ሲበዛ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ያልፋል።

ሽንት ላይ አልታየም ማለት ደምሽ ውስጥ አልጨመረም ማለት አይደለም፣ ደሟ ደህና የሆነ እርጉዝም ሽንቷ ላይ ስኳር ሊታይ ይችላል፣ ስለዚህ በሁለቱም በኩል ያሳስታል። አሁን በባዶ ሆድ የደም ስኳር ተለኪ፣ ካለ ኤችቢኤዋንሲም (ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ) ይጨመር። ባዶ ሆድሽን 126 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) እና ከዛ በላይ ከመጣ ስኳሩ ከእርግዝናው በፊትም ሳይኖር አይቀርም፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ሳይታወቅ እስከ 6ኛ ወር መቆየቱ ነው፣ ምክንያቱም መድሃኒቱም፣ የአይንና የኩላሊት ምርመራሽም፣ የልጁን ልብ በአልትራሳውንድ ማየቱም ያኔ ይዘገያል። በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ከ92 እስከ 125 ከሆነ የእርግዝና ስኳር ይባላል።

አሁን ደህና ነሽ ብትባዪ ግን በቃ አልፌዋለሁ እንዳትዪ! የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች ኢንሱሊንሽ እንዳይሰራ የሚያስቸግሩት እርግዝናው ሲገፋ ነው፣ ስለዚህ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ግሉኮስ ተጠጥቶ የሚደረገውን የደም ምርመራ ታደርጊያለሽ። ጣፋጭ አልወድም የሚለው እዚህ ጋ አይሰራም፣ ስኳር ያልቀመሰችም ይይዛታል።

ለግሉኮሱ ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ሳትበዪ ትሄጃለሽ፣ ውሃ ይፈቀዳል። ከዛ በፊት ባሉት ቀናት ውጤቱ እንዲያምር ብለሽ እንጀራሽን እንዳትቀንሺ፣ እንደወትሮሽ ብዪ። መጀመሪያ ደም ይወሰዳል፣ ከዛ በውሃ የተበጠበጠ 75 ግራም ግሉኮስ በ5 ደቂቃ ውስጥ ጠጥተሽ ከ1 ሰዓትና ከ2 ሰዓት በኋላ እንደገና ይወሰዳል። 92፣ 180፣ 153 ናቸው በቅደም ተከተል ወሰኖቹ፣ አንዱ ላይ እንኳን ከደረሰ የእርግዝና ስኳር ነው። እስኪያልቅ ቁጭ በይ፣ ወዲያ ወዲህ አትበዪ፣ ከመሃል ካስመለሰሽ ደግሞ ሳትደብቂ ንገሪያቸው፣ ሌላ ቀን ይደገማል።