በኢኦስ ፓሌት የሚባለው በግራንድ ኤምኤ ላይ የት ነው?

ከኢኦስ ወደ ግራንድ ኤምኤ (ሁለቱም የመድረክ መብራት መቆጣጠሪያ ኮንሶሎች ናቸው) ተዛውረው ያጡት ፓሌት፣ ማለትም ደጋግመው ለመጠቀም የሚያስቀምጡት የቀለም ወይም የአቅጣጫ ቅንብር፣ እዚህ የሚገኘው ፕሪሴት በሚል ስም ነው። ቀለም ብቻ ለማስቀመጥ መብራቶቹን መርጠው ቀለሙን ካስተካከሉ በኋላ ስቶርን ይጫኑና በከለር ፕሪሴት መስኮት ውስጥ አንድ ባዶ ሳጥን ይንኩ። በኢኦስ ራሱ ፕሪሴት የሚባለው፣ ማለትም ድምቀትን፣ አቅጣጫንና ቀለምን በአንድነት የሚይዘው፣ እዚህ ኦል ከሚለው የፕሪሴት መስኮት ጋር ይመሳሰላል።

ከዚህ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው በፎከስ ነው። የኢኦስ ፎከስ ፓሌት ፓንንና ቲልትን (የመብራቱን የጎንዮሽና የላይ ታች አቅጣጫ) ሲይዝ፣ በግራንድ ኤምኤ አቅጣጫ የሚቀመጠው በፖዚሽን ሲሆን ፎከስ የተባለው ዙምንና የጨረሩን ጠርዝ ጥራት ይመለከታል። ስለዚህ በማስታወሻዎ ላይ «ፎከስ 3» ብለው ከመተው «ዘፋኟ የምትቆምበት፣ መድረኩ ግራ» ብለው ቢጽፉ፣ በየትኛውም ኮንሶል የሚቀመጥ ባልደረባዎ አይደናገርም።