ጣና ዳር ያደገ ሰው ስለ ባሕር ጠለቃ ሲጠይቅ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ነዋሪ ስሆን ባለፈው ዓመት በዓሣ ሀብት ትምህርት ተመርቄ ሥራ በመፈለግ ላይ እገኛለሁ። በኬንያ የባሕር ጠረፍ የሚሠራ አንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት፣ ወጣቶችን ስኩባ ጠለቃ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅን) አሠልጥኖ በኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሚሠሩት የባሕር ሥር ቋጥኝ) ጥበቃ ሥራ ላይ የሚያሰማራበት የበጎ ፈቃድ መርሐ ግብር እንዳለው አይቼ አመለከትኩና ለስምንት ሳምንት ተቀበሉኝ፤ ሆኖም የመሳተፊያ ክፍያ እንድከፍል ጠይቀውኛል። አባቴ ይህን ሲሰሙ «ነፃ ጉልበት ሊሰጥ የሚሄድ ሰው ገንዘብ የሚከፍለው በምን ሒሳብ ነው?» ብለው ተቆጡ፤ እኔም መልስ አጣሁ። ከዚህ ሌላ፣ ከመሄዴ በፊት ጠለቃን እዚሁ ጣና ላይ መለማመድ እችል እንደሆነና ተምሬ ስመለስም ሙያው ለሐይቃችን ይጠቅም እንደሆነ ብታስረዱኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ የአባትዎ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ከእርሱ እንጀምር። በጎ ፈቃደኛ ደመወዝ አይቀበልም ማለት ሥራው ወጪ የለውም ማለት አይደለም። አንድ ጠላቂ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ውኃ ውስጥ እንዲቆይ የጀልባ ነዳጅ፣ ሲሊንደሩን የሚሞላ ኮምፕሬሰር (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ብዙ ሰው እንደሚለው ኦክስጅን ሳይሆን ተጨምቆ የገባ ተራ አየር ነው)፣ ልብስና መሣሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብቃት ያለው አሠልጣኝ ያስፈልጋል። እርስዎም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪ እንጂ ሠራተኛ አይሆኑም። ስለዚህ ክፍያ መጠየቁ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት ሊሆን አይችልም። ሊያጠራጥርዎ የሚገባው ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ሲጠየቁ ማድበስበሳቸው ነው።

በእርስዎ ቦታ ብሆን ኖሮ ድርጅቱ የት እንደተመዘገበ፣ ጠላቂዎቹ የሚሰበስቡትን መረጃ የትኛው የምርምር ወይም የመንግሥት ተቋም እንደሚረከበው፣ ከስምንቱ ሳምንት ስንቱ ለሥልጠና ስንቱ ለሥራ እንደሚውል፣ በጀልባው ላይ ለድንገተኛ ሕክምና የሚሆን ኦክስጅን ይኖር እንደሆነ፣ የጠላቂ መድንንም የሚሸፍነው ማን እንደሆነ በጽሑፍ እጠይቅ ነበር። በደንብ የሚሠራ ድርጅት እነዚህን ለመመለስ ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። ገንዘቡን በድርጅቱ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ እንጂ በግለሰብ ስም አይላኩ። አንዳንድ ድርጅቶች ለአካባቢው ተወላጆችና ከጎረቤት አገሮች ለሚመጡ ተመራቂዎች ቅናሽ ስለሚያደርጉ ይህንንም ለመጠየቅ አይፈሩ፤ ለመጠየቅ የሚያግዝዎትን ነገር ወደ በኋላ አነሣዋለሁ።

ጣና ላይ ስለ መለማመድ ለጠየቁት ግን መልሴ አጭር ነው፤ አይሞክሩት። ሐይቁ በጣም በገባው ቦታ እንኳ ጥልቀቱ ከ14 ወይም 15 ሜትር ስለማያልፍ ለጀማሪ የሚመች ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ገባር ወንዞች በሚያመጡት አፈርና ነፋስ ከታች በሚያነሣው ደለል ምክንያት ውኃው ስለሚደፈርስ ጠላቂው የገዛ እጁን ለማየት ይቸገራል። በዳርቻው ቢልሃርዚያ መኖሩን፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢም ጉማሬ መኖሩን የባሕር ዳር ልጅ ስለሆኑ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የማይታየው ችግር ከፍታው ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ግፊት ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። ጠላቂ ውኃ ውስጥ ሲቆይ የሚተነፍሰው ናይትሮጅን በግፊቱ ልክ ወደ ሰውነቱ ይሟሟል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ቀስ ብሎ ይወጣል። ግፊቱ ከሚገባው በላይ በፍጥነት ከቀነሰ የተናወጠ ለስላሳ ሲከፈት እንደሚሆነው ጋዙ በደምና በመገጣጠሚያ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ የጠላቂዎች ሕመም የሚባለው ይህ ነው። እንግዲህ ከጣና 14 ሜትር ጥልቀት መውጣት፣ በሒሳቡ፣ ባሕር ላይ ከ17 ሜትር ጥልቀት እንደመውጣት ይቆጠራል። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ የሚደረግ ጠለቃ ራሱን የቻለ ሥልጠና የሚጠይቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይልቁንስ በከተማዎ ባለ የመዋኛ ገንዳ ይለማመዱ። ፓዲ በተባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ሥርዓት መሠረት የመጀመሪያውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት 200 ሜትር ያለ ዕረፍት መዋኘትና 10 ደቂቃ ውኃ ላይ መንሳፈፍ ይጠበቅብዎታል፤ ለመዋኘቱ የጊዜ ገደብ የለም። ይህን የሚያሟላ ሰው እስከ 18 ሜትር ለመጥለቅ የሚያበቃውን ትምህርት ሳይጨነቅ ይከታተላል።

ስለ ከፍታ ካነሣን አይቀር፣ ደጋ ላይ ለምንኖር ሰዎች በጣም አስፈላጊ የሆነው ጉዳይ የመመለሻው መንገድ ነው። የተለመደው መመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ያዛል፤ ምክንያቱም በበረራ ላይ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ግፊት 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ሊተካከል ይችላል። ሰዎች የሚዘነጉት ግን ይህ ጥንቃቄ ለመኪና መንገድም እንደሚሠራ ነው። ከሞምባሳ ተነሥቶ ናይሮቢ የሚገባ ሰው ከባሕር ዳር ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ደርሷል፤ አዲስ አበባ የሚወርድ ደግሞ ከአውሮፕላኑ ወርዶም ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ጠለቃ ካደረጉ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን እዚያው ጠረፉ ላይ ዐርፈው እንዲነሡ፣ ትኬትዎንም ይህን አስበው እንዲቆርጡ እመክርዎታለሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንመለስ። ጠለቃው ራሱ ለጣና እምብዛም አይጠቅምም፤ በጠለቃው ሰበብ የሚማሩት ሥራ ግን ይጠቅማል። ብዙ ሰው የሪፍ ጥበቃ ሲባል በቀለም ካሸበረቁ ዓሦች ጋር መንሸራሸር ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ሥራው ከመጋዘን ቆጠራ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ሪፍ ቼክ የተባለ የሪፍ ጥበቃ ድርጅት ለበጎ ፈቃደኞች ባዘጋጀው ዘዴ፣ በሪፉ ላይ የ100 ሜትር መለኪያ ተዘርግቶ ባለ 20 ሜትር አራት ክፍሎች ይለያሉ፤ በእነዚህ ክፍሎች፣ በ5 ሜትር ስፋት ውስጥ፣ የተመረጡ ዓሦችና ሌሎች እንስሳት ይቆጠራሉ፤ ከዚያም በየግማሽ ሜትሩ ከመለኪያው ሥር ያለው ነገር ሕያው ኮራል፣ ድንጋይ ወይም አሸዋ መሆኑ ውኃ በማይጎዳው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው መጥቶ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መንገድ ይደግመዋል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ዋጋውም ያለው በመደጋገሙ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የሕንድ ውቅያኖስ ውኃ ከልክ በላይ በሞቀ ጊዜ በኬንያ ጠረፍ ጭምር ብዙ ኮራል ነጥቶ ሞቷል፤ የጥፋቱን መጠን ለመናገር የሚቻለው ከዚያ በፊት የነበረውን የመዘገበ ሰው ባለበት ቦታ ብቻ ነው።

ጣና የጎደለው እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ ቆጣሪ ይመስለኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ላይ ተሳትፌ ነበር። ከጧት እስከ ማታ ወገባችን እስኪንቀጠቀጥ ነቀልን፤ ማታ ስንት ሰው እንደወጣ በድምፅ ማጉያ ተነገረን፤ ስንት ካሬ ሜትር እንደጸዳ ግን ከመካከላችን የለካ አልነበረም። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ የሚሆን፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ የሚቆይ አረም ነው፤ እንዲህ ካለው ጋር ለሚደረግ ትግል ደግሞ ያለ ልኬት ማሸነፍን ከመሸነፍ መለየት ያስቸግራል።

ዓሣውም እንዲሁ ነው። በጣና ውስጥ ሳይንቲስቶች ላቤዮባርበስ የሚሏቸው 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ እነርሱ በሚመደቡበት፣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ በሌለው ካርፕ በሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ዘንድ ይህ እጅግ ያልተለመደ ነገር ነው። ይህን ሀብት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለይተው ያሳወቁት ተመራማሪዎች ከመረብ የወጣውን ዓሣ ጭንቅላቱን፣ አፉንና ቁመቱን እየለኩ እንጂ እየጠለቁ አልነበረም። ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ መረብ በወንዞቹ መግቢያ ሲዘረጋባቸውም እንቁላል ሳይጥሉ ያልቃሉ። በክረምት በእነዚያ መግቢያዎች ቆሞ ስንት መረብ እንደተዘረጋና ምን እንደተያዘ የሚመዘግብ ሰው የአየር ሲሊንደር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሚዛን፣ ሜትር፣ ደብተርና የዓሣ አጥማጆቹ አመኔታ ነው።

ስለዚህ እስከሚሄዱበት ቀን ድረስ ባሉት ወራት አንድ ነገር ይጀምሩ። በዳርቻው ሦስት ቦታ መርጠው ካስማ ይትከሉ፤ በየወሩ በዚያው ቀን ከዚያው ካስማ ሥር ፎቶ ያንሡ፤ እምቦጩ የሸፈነውንና ደንገሉ የቀረውን ይለኩ። ከሳምንቱ አንድ ቀን ደግሞ ዓሣ ወደሚወርድበት ቦታ ሄደው ቆሮሶውን፣ አምባዛውንና ላቤዮባርበሱን ለየብቻ ይመዝኑ። በታንኳ ሐይቁን ሲያቋርጡ የኖሩ የነገደ ወይጦ አባቶችን ጠይቀው ሲጽፉ ትምህርት ቤት ያላስተማረዎትን ያገኛሉ። የስድስት ወር መዝገብ በእጅዎ ይዘው ለድርጅቱ የክፍያ ቅናሽ ቢጠይቁ፣ ጠያቂው ተራ አመልካች ሳይሆን የሥራ ባልደረባ ነው። መዝገቡንም በከተማዎ ለሚገኙ የዓሣ ምርምር ባለሙያዎች ቢያሳዩ ስሕተቱን ያርሙልዎታል።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ወዳለ የባሕር ጥበቃ ሥራ ለመሄድ ተመዝግባለች። በልጅነቷ አስም ነበረባት፤ አሁንም ብርድ ሲሆን አልፎ አልፎ ያፍናታል። የጤና ቅጹ ላይ «የለብኝም» ብዬ እሞላለሁ ትላለች። እናት ነኝና እንቅልፍ አጣሁ። ከጎርጎራ።

መልስ፦ እናታችን፣ ስጋትዎ ትክክል ነው፤ ልጅዎ መሄዷን ሳትተው ግን ነገሩ የሚስተካከልበት መንገድ አለ። ከ10 ሜትር ጥልቀት ወደ ላይ ሲወጣ በሳንባ ውስጥ ያለው አየር መጠኑ እጥፍ ይሆናል፤ ጤነኛ ሰው እየተነፈሰ ስለሚወጣ ትርፉ አየር ይወጣለታል። በአስም ምክንያት የጠበበ የአየር ቧንቧ ግን አየሩን ሊያግደው ይችላል፤ የታገደው አየር ሳንባን ቢቀድ አደጋው ወዲያው ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል ነው። አስም ያለበት ሰው ሁሉ አይጥልቅም ማለት አይደለም፤ ውሳኔው ግን ትንፋሿን በመሣሪያ መርምሮ የሚያይ ሐኪም እንጂ የልጅዎ ወይም የአሠልጣኙ አይደለም። በቅጹ ላይ «አለብኝ» ማለት መባረር አይደለም፤ ሐኪም የሚፈርምበት ገጽ ከቅጹ ጋር የሚመጣው ለዚሁ ነው።

ሐኪሙ ባይፈቅድላት እንኳ በእነዚህ መርሐ ግብሮች ከውኃ በላይ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ በመረብ የተያዙ የባሕር ኤሊዎችን መርዳት፣ ማንግሮቭ የሚባለውን በጨዋማ የባሕር ዳርቻ የሚበቅል ዛፍ ችግኝ መትከል፣ ጠላቂዎቹ ይዘው የሚመጡትን ቁጥር ወደ ኮምፒውተር ማስገባትና ከዓሣ አጥማጆች ጋር መነጋገር ሁሉ ሰው ይፈልጋል። እስከዚያው ቅጹን አንድም መስመር ሳትሞላ ባዶውን ወደ ሐኪሙ ይዛ ትሂድ፤ ቢቻልዎ እርስዎም አብረዋት ይግቡ፤ ብርድ ሲሆን የሚያፍናትን ነገር እርሷ ብትረሳው እንኳ እርስዎ ለሐኪሙ ይንገሩት።