የድሬዳዋው የባጃጅ አደጋ ካሳ፦ ጊዜው አላለፈም

ድሬዳዋ ውስጥ በባጃጅ አደጋ ተጎድተህ ድል ጮራ ሆስፒታል ታከምክ፤ የካርድ ቁጥርህ ጠፍቶ «የኢንሹራንስ ካሳ መጠየቂያው ጊዜ አለፈብኝ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አላለፈብህም፣ ግን ማብቂያው ቀርቧል። ከራስህ የአደጋ ኢንሹራንስ ካሳ የምትጠይቅበት ጊዜ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 መሠረት 2 ዓመት ነው። አደጋው ከደረሰ 1 ዓመት ከ8 ወር ሆኖኛል ካልክ 4 ወር ቀርቶሃል። የ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ የኢንሹራንሱን ክፍል አልነካውም፤ የ1952ቱ ነው የሚሠራው።

ድል ጮራ የጠፋብህ የካርድ ቁጥር ለብቻው ችግር አይደለም። ግን ካርድ ክፍል ፋይል የሚደረደረው በቁጥር ስለሆነ «ስሜ እገሌ ነው» ብቻ ብትል መደርደሪያው ላይ አይገኝም። ስለዚህ ቁጥሩን እንዲህ አስፈልግ፦

1. ሙሉ ስምህን እስከ አያት፣ ዕድሜህንና የታከምክበትን ቀን ጽፈህ ስጥ። ስሙን በተለያየ አጻጻፍ አስፈልግ፤ መሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሀመድ ለኮምፒውተር ሦስት ሰው ናቸው።
2. ካልተገኘ የድንገተኛ ክፍሉን መዝገብ በቀኑ አስፈትሽ። ቁጥርህ እዚያ ሊኖር ይችላል።
3. ፋይሉ ሲገኝ የሕክምና ማስረጃ በማኅተም አውጣ፤ ፎቶ ኮፒ ብቻ ይዘህ አትውጣ። አዲስ ካርድ ግን አታውጣ! የድሮው ታሪክህ ከአዲሱ ቁጥር ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

አንድ ነገር ልብ በል። ኢንሹራንሱ «ሰነድ አሟላ፣ ነገ ና» እያለ ሲያመላልስህ ጊዜው አይቆምም። አንተ የጻፍከው ደብዳቤም አያቆመውም። የሚያቋርጠው ኩባንያው ዕዳውን ሲያምንልህ ወይም አንተ ፍርድ ቤት ክስ ስትከፍት ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1851)። ስለዚህ የሕክምና ማስረጃው ቢዘገይም ክሱን ከ2 ዓመቱ በፊት አስገባ።